አልኮል ቀምሶ ለማያውቀው ባለቤቴ ስለተጻፈው ማስጠንቀቂያ

ለተከበሩ የመድኃኒት ማሸጊያ ጽሑፎችን መርምረው ለሚያጸድቁልን ኃላፊ፣

ይህ ደብዳቤ ሲደርስዎ እርስዎም ቤተሰብዎም በሙሉ ጤንነት፣ በተለይም በሁለት እግራችሁ ቆማችሁ እንዲያገኛችሁ ከልብ እመኛለሁ።

ባለቤቴ አፔኒሳ የሰባ አራት ዓመት ሰውና የመንደራችን ቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ሲሆን፣ አልኮል በአፉ ዞሮ አያውቅም። ለጉልበቱ የተሰጠው ኪኒን የሕመም ማስታገሻና እንቅልፍ የሚያመጣ የአለርጂ መድኃኒት አንድ ላይ የያዘ ነው። ማሸጊያው «ከአልኮል ጋር አይወሰድ» ይላል። ሠላሳ ስምንት ዓመት ያስተማርኩ ሴት ነኝና መነጽሬን አድርጌ ሁለት ጊዜ አነበብኩለት። አንድም የፊደል ግድፈት ስላላገኘሁበት አመሰግናለሁ። ቅሬታዎቼ ግን የሚከተሉት ናቸው።

፩. ባለፈው ቅዳሜ ከምሳ በኋላ ኪኒኑን ውጦ ወደ አጎቱ ልጅ ለቅሶ ሄደ። እንደ ደንቡ ያንጎናው፣ ያ ከተፈጨ ሥር የሚዘጋጀው መጠጣችን፣ በእንጨት ገበታ በውኃ ተበጥብጦ ቀረበ። የመጀመሪያውን ጽዋ ለመቀበል ሲያመነታ አሳላፊው ሳኪዩሳ፣ «ምነው ሽማግሌ፣ ሚስትህ ከለከለችህ እንዴ?» አለው። «እሷማ ወረቀቱን አንብባልኛለች፤ የተከለከለው አልኮል ነው።» «ታዲያ ይሄ ሥር አይደል? ጠጣ ባክህ፣ ሟቹን አታስቀይምብን።» ስድስት ጽዋ ጠጣ። በዚያ ምንጣፍ ላይ ከተቀመጡት መካከል የእርስዎን ጽሑፍ የጣሰ አንድም ሰው እንዳልነበረ ልብ ይበሉልኝ። አፔኒሳ የቤታችን ደረጃ ላይ ሲደርስ እንቅልፍ ጥሎት ወደቀና ዳሌው ተሰበረ።

፪. ሆስፒታል ስንደርስ ሐኪሟ «አልኮል ጠጥቷል?» ስትለኝ፣ ተቀይሜ «በቤታችን አይገባም» አልኳት። እውነቴን ነበር። ሰውየው ለምን እንደማይነቃ ስትፈልግ ግማሽ ቀን አለፈ። ያንጎና የዚያን ኪኒን እንቅልፍ እንደሚያከብደው፣ ከማስታገሻውም ጋር ሆኖ ጉበት ሊጎዳ እንደሚችል የሰማሁት በማግስቱ ነው። «እማማ፣ ይሄን እኮ እኛ ሁላችንም እናውቃለን» አለችኝ። የምታውቁት ሁላችሁም በአንድ ላይ ዝም ማለት መቻላችሁን ሳላደንቅ አላልፍም።

፫. ሦስተኛው ቅሬታ መነጽሯን አድርጋ አንብባ «ምንም የለበትም፣ ዋጠው» ባለችው ሴት ላይ ስለሆነ፣ እርስዎን አላደክምም።

የምለምንዎ በማሸጊያው ላይ አንዲት ቃል እንዲጨመር ነው፤ ያንጎና። በአገራችን በየለቅሶው፣ በየሠርጉና በየእርቁ የሚጠጣውን ነገር ስም መጻፍ ለክቡርነትዎ እንደማይከብድ ተስፋ አደርጋለሁ።

የታተመውን ሁሉ እንዲያምኑ ልጆችን ስታስተምር የኖረች፣ አክባሪዎ፣
ሊቲያና ቱሩቫ፣ ጡረተኛ መምህርት

ድኅረ ጽሑፍ፦ ዳግመኛ በእግሩ ይሄድ እንደሆነ ሐኪሟ ገና አልነገረችንም። እሱ ግን በየቀኑ ማሸጊያውን አስመጥቶ እያገላበጠ፣ «ሊቲ፣ የቱን መስመር ነው የዘለልነው?» ይለኛል። የመጠየቂያ ሰዓት ከዘጠኝ እስከ አሥር ነው። መጥተው መስመሩን ቢያሳዩት፣ ወንበሬን እለቅልዎታለሁ።