ካቴድራሉን የወሰዱብን የፖልወታ ሰዎች

ለውድ እህቴ ለእትዬ ቢያትሪስ፤

እንደምን ሰንብተሻል? የሜልቦርን ብርድ ጉልበትሽን እንዴት አደረገው? ባለቤትሽ፣ ልጆችሽ፣ አዲሷ ምራትሽስ ደኅና ናቸው ወይ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን፤ እኔን ግን ቅናት ሊገድለኝ ነው።

ሰምተሽ ይሆናል፣ ሀገረ ስብከታችን ለሁለት ተከፈለ። የኮረብታው ወገን የራሱ ጳጳስ ሊኖረው ነው ሲባል፣ እኛ ሄናጎዳዎች ካቴድራሉ ከኛ ሌላ ወዴት ይሄዳል ብለን የቤተ ክርስቲያናችንን ግድግዳ ሳይቀር ኖራ ቀባን። የመጀመሪያው ሚሲዮናዊ ከኮሎምቦ በበሬ ጋሪ መጥቶ ያረፈው እኛ ዘንድ አይደለም እንዴ? ጉባኤው ለማን ሰጠው መሰለሽ? ለፖልወታ! አያታችን በእግሩ እየተመላለሰ ጸሎት ላስተማራቸው፣ ትናንት በሻይ መጋዘን ውስጥ ይዘምሩ ለነበሩት! ጉባኤተኞቹ ምነው ቢባሉ፣ አውቶቡስ በደጃቸው ያልፋል አሉ። እንግዲህ ካቴድራል የሚመርጠው አውቶቡስ ሆነ።

ቄስ ኔቪል ሊያጽናኑን ፈልገው፣ ካቴድራል ማለት የጳጳሱ ወንበር ያለበት ቤት ማለት ነው፣ ሌላ ምንም አይደለም ብለው ሰበኩ። ባይናገሩት ይሻላቸው ነበር። ጳጳሳት ለጉብኝት ሲመጡ የሚቀመጡበት፣ አያታችን የጠረበው ወንበር ያለው እኛ ጋ ነዋ! በማግስቱ ተሰብስበን ከምሰሶው ጋር በሰንሰለት አሰርነው። ወንበሩ ካልሄደ ካቴድራሉ ወዴት ይሄዳል አልን። ቁልፉ እኔ አንገት ላይ ነው።

ትናንት የአጎታችን ልጅ ቫዮሌት መጣች። አሁን የፖልወታ የእናቶች ማኅበር ሰብሳቢ ናት፤ አረማመዷ ራሱ ተለውጧል። ለአዲሱ ጳጳስ ሹመት ቀን ወንበሩን አውሱን አለችኝ። ካቴድራሉ አልበቃ ብሏችሁ ነው ብዬ የአፌን ነገርኳት። እሷ ሰንሰለቱን አይታ ሳቀች።

«ኢራንጋኒዬ፣ ጳጳሱ በፕላስቲክ ወንበርም ቢቀመጡ ጳጳስ ናቸው። እኛ የፈለግነው የአያቴ እጅ ሥራ እዚያ እንዲታይ ነው» አለችኝ።

አያቴ አለች! አያቷ መሆኑማ እውነት ነው፤ ያንገበገበኝም እሱ ነው።

ቄስ ኔቪል የታላቅሽን ቃል ጠይቂ ስላሉኝ ነው የምጽፍልሽ። እባክሽ አይሰጥም በይ።

ለባለቤትሽ ለሊዮኔል፣ ለልጆቹ፣ ለምራትሽም በስም በስማቸው ሰላምታዬን አድርሺልኝ። እማማም ከአልጋዋ ሆና ትስምሻለች፤ እሷ ስጡ ባይ ናት፣ አትስሚያት።

ይሰጥ ካልሽ ግን ለኔ ብቻ ጻፊ። ቫዮሌት ወንበሩን በሰው አሸክማ ስትገባ ከማይ፣ በጭንቅላቴ ተሸክሜ ፖልወታ ድረስ እኔው አደርሰዋለሁ።

እህትሽ ኢራንጋኒ
ሄናጎዳ፣ የጰራቅሊጦስ ማግስት፣ ሰኞ