ላንድሮቨሯ ተኝታ በነበረችበት ወራት

ለተከበሩ አቶ ወርቅአገኘሁ
የሠፈራችን እድር ሊቀመንበር
አንኮበር

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ፣ ለቤተሰብዎና ለወገብዎ ጤና እመኛለሁ። ወገብዎን ለይቼ መጥቀሴ ከባድ ነገር እንዳያነሡ የከለከለዎት እሱ መሆኑን ስለሰማሁ ነው። እኔና አሮጌዋ ላንድሮቨሬ ደህና ነን፤ ላልጠየቁኝ መልስ በመስጠቴ ይቅርታዎን እለምናለሁ።

እንደሚያስታውሱት፣ ከአሊዩ አምባ ለቅሶ ደርሰን የእድሩን ድንኳንና ለቀስተኛውን ጭነን ዳገቱን ስንወጣ ሞተሩ ፈላ። ቆመን ይብረድ ብዬ ብለምን፣ እርስዎ ጉም ሳይዘን እንግባ ብለው ገፋፉኝ፤ ፒስተኖቹ ነክሰው ሞተሩ ቀጥ አለ። ይባስ ብለው ወይዘሮ ወለተ ሥላሴ ለልጃቸው የያዙትን አንድ ጀሪካን ጠበል በጋለው ብረት ላይ ቢያፈሱት፣ የሞተሩ ክዳን ተሰነጠቀ። ጠበሉን አላማሁም፤ የታዘዘው ለሰው ነበርና። ስለዚህ ምስጋናዬን በቅደም ተከተል አቀርባለሁ።

1ኛ. በእድሩ ስብሰባ ላይ «ዕድሜዋ ደርሶ ነው» ብለው ስለፈረዱ እግዜር ይስጥልኝ። በሽተኛ ደብረ ብርሃን አድርስልን፣ ሙሽራ አምጣልን እያለ በሬን ሲያንኳኳ የኖረው ሁሉ ከዚያ ቀን ወዲህ እግሩን ሰበሰበ። ባለቤቴ ካረፈች በኋላ ቤቴ ሰው ያልጠፋበት ለእኔ ሲባል ይመስለኝ ነበር፤ ለካ ለመኪናዋ ኖሯል።

2ኛ. ሰው እንዳያስቸግረኝ ስለጠበቁልኝ፣ ሲሊንደሩን ደብረ ብርሃን አስሞርጄ፣ ፒስተኑን ከነቀለበቱ፣ የተሰነጠቀውንም ክዳን ቀይሬ፣ ሞተሩን በረንዳዬ ላይ በጸጥታ ገጠምሁት። ድሮ ቁልፍ የምታቀብለኝ ባለቤቴ ነበረች። አሁንም ሳላስበው እጄን ወደ ኋላ እዘረጋለሁ፤ እንደተዘረጋ ይቆያል።

3ኛ. ሞተሩን ወደ ቦታው ለመመለስ ጉልበት ቢያስፈልገኝ፣ ሬሳ ከማንሣት የቀረ አባል የሚቀጣበትን ደንባችንን አስታውሼ ለምኜዎት ነበር። ጥሩምባ ለሬሳ እንጂ ለብረት አይነፋም ሲሉ ላኩብኝ። ደንብ ነውና ተቀበልሁ። የመጣው የአሊዩ አምባው ነጋዴ አብዱልጀሊል ነው፤ የእድራችን አባል አይደለም፣ አንድ ጊዜ ጤፉን ከማመላለሴ በቀር የእኔ ዕዳም የለበትም። ከወንድሞቹ ጋር ሰንሰለትና አጣና ይዞ መጣ፤ ቢስሚላህ ብለው አንሥተው አስገቡልኝ። ከዚያም ቁጭ ብለው አጫወቱኝ። መኪናዋ ወዴት እንደምትሄድ አንዳቸውም አልጠየቁም። እነሱን ከሸኘሁ በኋላ አለቀስሁ፤ በዚህ ዕድሜዬ ለምን እደብቃለሁ?

የሞተሩ ድምፅ በተሰማ ማግሥት እርስዎ በሬ ላይ ተገኙ። ጤንነቴን ጠየቁና መልሱን ሳይጠብቁ የእነዋሪውን ሠርግ አነሡ። እወስድዎታለሁ። ተቀይሜ ብቻዬን ከምነዳ፣ ተቀይሜም ቢሆን ሰው ጭኜ ብነዳ ይሻለኛል።

የቤቴ በር ላልተዘጋብዎት ለእርስዎ ያለኝን አክብሮት እየገለጽሁ፣
የእድርዎ አባል፣ መኪናዋ እስካለች ድረስ የሚታወሰው
ወልደተንሣኤ ገብረ ጻድቅ

ማሳሰቢያ፦ የእኔ ቀን የደረሰ ዕለት ያ ወገብዎ ካስቸገረዎት፣ አብዱልጀሊልን ያስጠሩልኝ። ከእኔ የሚከብድ ነገር አንሥቶልኛል፤ ጥሩምባም አልተነፋለትም።