መስኮቱን ዝጋው

እሑድ፣ ሐምሌ 9 ቀን 2015 ዓ.ም.፣ አምቦ

ዛሬ እናቴን ልገድላት ነበር።

ከጌዶ በመኪናዬ ሳመጣት ይዘንብ ነበር። ከኋላ ተቀምጣ «ኢልማ ኮ፣ ልጄ፣ ንፋስ ይመታኛል፣ መስኮቱን ዝጋው» አለችኝ። ዘጋሁት። ጉደር ስንደርስ ብጠራት ዝም አለች። ዞር ብዬ ሳያት ፊቷ አመድ መስሏል። እኔንም ራሴን እየፈለጠኝ ነበር። በሩን በርግጄ አወጣኋት። መንገድ ዳር አስመለሳት፤ ከዚያ ነቃች።

ባለፈው ሳምንት መካኒኩ ኦቦ ደሬሳ «ይሄ አሮጌ ኮሮላ ዳገት እንዲወጣልህ የጭስ ማጣሪያውን ቆርጠን እንጣለው» ሲለኝ እሺ ያልኩት እኔ ነኝ። በቦታው የሚያገሳ የስፖርት ማርሚታ፣ የጭስ ማውጫ ቧንቧ፣ አስበየድኩ። ዛሬ ከሥር ሳየው ለካ ብየዳው ተሰንጥቆ ጭሱ በወለሉ በኩል ሲገባ ነው የከረመው። እኔ ደነዙ ድምፁን እያዳመጥኩ ደስ ይለኝ ነበር!

እሷ ግን «አላልኩህም? ንፋሱ ነው» አለችኝ። «አዎ» አልኳት።

ረቡዕ ወደ ጌዶ ልመልሳት ነው። በአውቶቡስ ሂጂ ብላት ለምን ማለቷ አይቀርም፤ ያን ጊዜ ያደረግኩትን ልነግራት ግድ ነው። እስካሁን አልነገርኳትም። እሷ ከአሁኑ የመኪናውን በር ክፍተት በጨርቅ እንድደፍንላት አዛኛለች።