ካምቢዮዬ አላለቀሰም

ለተከበሩ የተሽከርካሪ ምርመራ ጣቢያችን ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ፣ ለቤተሰብዎና በተለይም ለጆሮዎ ጤና እመኛለሁ። እኔ ቱሉ ዳዲ፣ ለቡ ተወልጄ ለቡ ያረጀሁ፣ መካኒክነትን መኪናዬ ራሷ መንገድ ላይ እየቆመች ያስተማረችኝ ሰው ነኝ። የሰፈሩ ልጆች ሁሉ አጎቴ ይሉኛል፤ እርስዎም ቢሉኝ ቅር አይለኝም።

ይህን ደብዳቤ በአደባባይ የምጽፈው ጣቢያዎ ለሰማያዊዋ ዲኤክስ መኪናዬ ያደረገላትን እንክብካቤ ሌላውም ሰው ሰምቶ አብሮኝ እንዲያመሰግን ብዬ ነው። መኪናዋ ለዓመታዊ ምርመራ ቀርባ «ካምቢዮ ያለቅሳል፤ ካምቢዮ ይቀየር» ተብሎ ስለተጻፈባት ቦሎ ተከልክላ ደጄ ላይ ቆማለች። አብሯት የቆመው የእህቴ የአማከለች እንጀራ ነው። እህቴ የላሞቿን ወተት ሀና ማርያምና ሀይሌ ጋርመንት ላሉ ደንበኞቿ የምታደርሰው በዚህችው መኪና ነው፤ ጉልበቷን ስለሚያማት ጀሪካን ይዛ ታክሲ መሳፈር አይሆንላትም። እነሆ አሁን ላሞቿን ስለመሸጥ ማውራት ጀምራለች። ስለዚህ ቅሬታዎቼን፣ ይቅርታ፣ ምስጋናዎቼን በተራ አቀርባለሁ።

፩. መርማሪዎ አቶ አዶኒያስ ራሳቸው መኪናዬ ውስጥ ገብተው ስላዳመጡልኝ አመሰግናለሁ። የጣቢያዎ ሰልፍ ዳገት ላይ ነው፤ ከኋላ ያለው ሁሉ ጡሩንባ ይነፋል፤ ስለዚህ እዚያ የተሰለፈ ሰው ቶሎ ለመጠጋት ሲል ግራ እግሩን ከፍሪሲዮን ላይ አያነሳም። መርማሪውም ቀኑን ሙሉ በዚሁ ልማድ ስለሚውሉ፣ መኪናዋ ፎሌ ላይ፣ ማለትም ማርሽ ሳይገባላት ቆማ ሳለ፣ ፍሪሲዮኑን እስከ ታች ረግጠው ነው ያን «ሲርርር» የሚል ድምፅ የሰሙት። ድምፁ ነበረ፤ እኔም ሰምቼዋለሁ፣ ጎረቤቶቼም ሰምተውታል። ነገር ግን ክቡር ሆይ፣ የቆመች መኪና ፍሪሲዮኗ ሲረገጥ የማርሾቹ ቤት የሆነው ካምቢዮ ከሞተሩ ይለያል፣ መዞሩን ይተዋል፣ ያርፋል። ያረፈ ነገር ደግሞ እንዴት ያለቅሳል? ሲረገጥ የሚጮኸው ፍሪሲዮኑን የሚገፋው ኩሽኔታ ነው፤ መዳፍ ላይ የሚቀመጥ የብረት ቀለበት። ድምፁ እግር ሲረግጥ ጠፍቶ፣ እግር ሲነሳ የሚመለስ ቢሆን ኖሮ ካምቢዮውን ከእርስዎ ቀድሜ እኔ በከሰስኩት ነበር።

፪. ኩሽኔታውን ቀየርኩ። እርሱን ለማግኘት ካምቢዮው መውረድ ስለነበረበት አወረድነው፤ ንጹሕ መሆኑን አየን፤ መልሰን አሰርነው። ሲርርታው ጠፋ። መኪናዋን ይዤ ስመለስ አቶ አዶኒያስ ረገጡ፣ አነሱ፣ ደግመው ረገጡ፣ ከዚያም ሳቁ። «ጋሼ፣ እውነትዎን ነው፤ ምንም የለባትም። ግን ካምቢዮ ይቀየር የሚለው ሲስተም ውስጥ ገብቷል» አሉኝ። እንግዲያው ከሲስተም ውስጥ ይውጣ ብላቸው፣ መግቢያ እንጂ መውጫ እንደሌለው በትሕትና አስረዱኝ። አሮጌ ካምቢዮ እንኳ ወደ ኋላ የሚሄድበት ማርሽ አለው። የእርስዎን ሲስተም የሠራው ሰው ይህን በመርሳቱ አልፈርድበትም፤ ምናልባት መኪና የለው ይሆናል።

፫. ከሁሉ የላቀው ምስጋናዬ ግን ለተለገሰኝ ምክር ነው። «ካምቢዮ ተቀይሯል» ብዬ ብቻ ብፈርም ቦሎው ወዲያው እንደሚሰጠኝ በፈገግታ ተነገረኝ። ካምቢዮው አንዴ ወርዶ የለም እንዴ፣ መቀየር አለመቀየሩን ማን ያያል፣ ተባልኩ። እህቴም ይህን ስትሰማ «አንተ ቱሉ፣ ፈርምና አምጣ! ላሞቼ ያንተን ኩራት አይበሉም!» ብላ ጮኸችብኝ። እውነቷን ነው፤ ላሞቹ የሚፈልጉት ፉርሽካ ነው። እኔ ግን አልፈርምም። ዛሬ ያልተቀየረውን ተቀይሯል ብዬ ብፈርም፣ ይህ ካምቢዮ አንድ ቀን በእውነት ሲያረጅ የእርስዎ ሲስተም «አዲስ ነው» ብሎ ያሳልፈኛል። ያን ጊዜ ቁልቁለት ላይ ማርሹ ዘልሎ ቢወጣ፣ ከእህቴና ከወተቷ ጋር መኪናዋ ውስጥ የምገኘው እኔ እንጂ ሲስተሙ አይደለም።

፬. ይህን ቦታ ባዶ ትቼዋለሁ፤ ጣቢያዎ የሚሞላው አያጣም።

ስለዚህ ክቡር ሆይ፣ ሰኞ ጠዋት እንመጣለን። የአምናው ቦሎ ጊዜው ስላለፈና እኔም ሕግ አክባሪ ስለሆንኩ መኪናዋን አስጎትቼ አመጣታለሁ፤ እህቴ ከጎኔ ትቀመጣለች። ከእርስዎ የምንለምነው ከቢሮዎ ወርደው ግራ እግርዎን ለጥቂት ጊዜ እንዲያውሱን ብቻ ነው። አንዴ ረግጠው፣ አንዴ አንስተው ይስሙ። ካምቢዮው ካለቀሰ እዚያው አውርጄ ለቢሮዎ ማስጌጫ እተውልዎታለሁ። ካላለቀሰ ደግሞ «አላለቀሰም» ብለው በገዛ እጅዎ ይጻፉልን። እስኪጻፍ ድረስ ከግቢዎ አንወጣም፤ ላሞቹን የሚያልብልን ሰው አዘጋጅተናል።

ፍሪሲዮንዎ እንዲለሰልስ፣ ማርሽዎ ሳያስቸግር እንዲገባልዎ እየተመኘሁ፣ ከፍ ባለ አክብሮትና ከዚያም ከፍ ባለ ትዕግሥት እሰናበትዎታለሁ።

የጣቢያዎ የማይሰለች ተመላላሽ፣
ቱሉ ዳዲ
ከለቡ

ከፊርማዬ በኋላ ትዝ ያለኝ፦ የቢሮዎ መኪና ጠዋት ጠዋት ሀይሌ ጋርመንት ጋ ሹፌርዎ ሁለተኛ ማርሽ ሲያስገባ «ቅርጭጭ» እያለች ታክሲ የሚጠብቀውን ሰው ሁሉ ታስደነግጣለች። የዘንድሮ ቦሎዋ ግን መስታወቷ ላይ ተለጥፎ አይቻለሁና እንኳን ደስ አለዎ። ምናልባት ሹፌሩ ፍሪሲዮኑን እስከ ታች አይረግጠው ይሆናል፤ እስከ ታች ረግጦም ከጮኸች ግን ችግሩ እውነትም ካምቢዮ ውስጥ ነው። ሰኞ እሷንም ያስመጧት፤ ሁለቱን ጎን ለጎን እናቆማቸውና የትኛዋ እንደምታለቅስ ሰልፈኛው ሰምቶ ይፍረድ።