በሰኞ ሚዛን «አገግማለች» ስለተባለችው ነፍሰ ጡር ልጄ

አያት ልሆን ነው! ልጄ ስድስተኛ ወሯን ይዛለች፣ ፅንሱም መራገጥ ጀምሯል። ይህን ሳልናገር ሰላምታ ልጀምር ብል አፌ አልታዘዘኝም፤ ይቅርታዎን ጠይቄ ወደ ሥርዓቱ እመለሳለሁ።

ለተከበሩ የስፌት ፋብሪካው የሠራተኞች ደኅንነት ኃላፊ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎና ለቤተሰብዎ ጤና፣ ለምሳ ሰዓትዎ የተከፈተ የምግብ ፍላጎት፣ ለወንበርዎም ምቾት እመኛለሁ። እኔ ከፋብሪካው ዋና በር ፊት ለፊት ፀጉር ቤት ያለኝ፣ አሥራ ሁለተኛ ክፍል የጨረስኩ፣ ደንበኞቼ «ሬዲዮ» እያሉ የሚጠሩኝ ሴት ነኝ። የዚህን ደብዳቤ አንድ ቅጂ ለጸሐፊዎ ሰጥቼ ሌላውን በመስታወቴ ላይ የለጠፍኩት እርስዎን ለማሳፈር አይደለም፤ የፊተኛው ደብዳቤዬ ጠረጴዛዎ ላይ ሦስት ሳምንት ብቻውን ስለከረመ ጓደኛ ያግኝ ብዬ ነው።

አንደኛ፤ ክብደቷ ከሃምሳ ኪሎ በታች የሆነች ሠራተኛ በየቀኑ አንድ እንቁላል፣ አንድ ኩባያ ወተትና አንድ ጭልፋ ምስር በተጨማሪ እንድታገኝ ደንብ በማውጣትዎ ከልብ አመሰግናለሁ። አርባ ሰባት ኪሎ የነበረችው ልጄም ተጠቅማበታለች። ከአምስት ሳምንት በፊት ግን በተለመደው የሰኞ ጠዋት ሚዛን ሃምሳ ኪሎ ተኩል ሆና ስትገኝ፣ ስሟ በቀይ እስክሪብቶ ተሰርዞ ከጎኑ «አገግማለች» ተብሎ ተጻፈበት፤ ከሃምሳ የወረደች ሰኞ ብቻ ለዚያ ሳምንት ትመለሳለች። ለሕክምና ጥበብዎ እጅ እነሳለሁ። የጨመረችው ሦስት ኪሎ ተኩል የልጅ ልጄ፣ የእንግዴ ልጁ፣ የሽርት ውሃውና የሰፋው ማሕፀኗ ነው፤ እሷ ራሷማ ጉንጯ ጎድጉዷል፣ ቀለበቷም ከጣቷ እየወለቀ አስቸግሯታል።

ሁለተኛ፤ ይህንኑ ላስረዳ ወደ ክብደት መዝጋቢው ሄጄ ነበር። ጨዋ ልጅ ነው፣ ወንበር ስቦ አስቀመጠኝ። «እማማ፣ እኔ ምን ላድርግ? ሚዛኑ እርጉዝ መሆኗን አያውቅማ!» አለኝ። እውነቱን ነው፤ ሚዛን ዓይን የለውም። እርስዎ ግን ሁለት እንዳለዎት በሩቁም ቢሆን አይቻለሁ፣ ከመነጽርዎ ጋር ሲቆጠር እንዲያውም አራት።

ሦስተኛ፤ ልጄ ሁለት እሁድ በተከታታይ እኔ ዘንድ መጥታ ሳህኑን ገፋ እያደረገች «ጠግቤያለሁ እማ» አለችኝ። እኔ የዋህ፣ የእርግዝና ማቅለሽለሽ ይሆናል ብዬ ሳህኑን አነሳሁ። በሦስተኛው እሁድ ውሃም እምቢ ስትል አፋጠጥኳት፤ እንባዋ ቀደማት። «ነገ ሚዛን ነው፣ እማ። ከሃምሳ ካልወረድኩ እንቁላሉ ይቀርብኛል» አለች። ከቅዳሜ ጠዋት ጀምሮ እህል አልቀመሰችም ነበር። የሳምንት እንቁላል ለማግኘት ሁለት ቀን ትራባለች፣ በሆዷ ያለውም አብሯት ይራባል። በእሷ የስፌት መስመር ላይ ያሉት ሌሎች ሦስት ነፍሰ ጡሮችም እንደዚሁ ያደርጋሉ፤ ሚዛን ላይ ሲወጡ ጫማቸውን፣ የጆሮ ጌጣቸውን፣ የፀጉር ማስያዣቸውን ሳይቀር ያወልቃሉ። ክብደት የሚቀንስ የፀጉር አቆራረጥ እንዳለ የጠየቀችኝ እንኳ አለች፤ ሳቅኩና ወዲያው ሳቄ አፌ ላይ ደረቀ።

ባለፈው ማክሰኞ ልጄ የስፌት መኪናዋ ላይ ተዝለፍልፋ ወደቀች፤ መርፌው ጣቷን ወጋው። በጤና ጣቢያ ሐኪሟ የዓይኗን ቆብ ገልጣ አሳየችኝ፤ ውስጡ እንደ ወረቀት ነጥቷል። ደሟ ክፉኛ አንሷል አለች። ከዚህ ላይ ጥፋቱን ሁሉ ለእርስዎ ብሰጥ ግፍ ይሆንብኛል። «ለሁለት ብዪ» እያልኩ ዳቦ በሻይ ያስለመድኳት እኔ ነኝ፤ ሻይ ከምግብ ጋር ሲጠጣ ለደም የሚሆነውን ነገር እንደሚከለክል የሰማሁት ያን ቀን ነው። እኔ ጥፋቴን አርሜ ሻዩን ከማዕድ አንስቻለሁ፤ ምስርና ጎመን፣ ከጎኑ ብርቱካን አቀርባለሁ፣ ሐኪሟ ለደም ያዘዘችላትን ኪኒንም ዓይኔ እያየ ትውጣለች። አሁን ተራው የእርስዎ ነው።

ዐምና በሰባት ወሯ አንድ ፅንስ አጥታለች። የተሸከምኩት ጨርቅ ምን ያህል ይቀል እንደነበር ክንዴ እስከ ዛሬ አልረሳውም። የፋብሪካው ቁጥር ስልኬ ላይ ሲመጣ ለማንሳት እፈራለሁ፤ ትናንት በዚሁ ድንጋጤ የደንበኛዬን ጆሮ በፀጉር ማድረቂያ ላቃጥል ነበር።

አራተኛ፤ ልመናዬ አጭር ነው። ነፍሰ ጡሮችን ከሚዛን ያውርዱልኝ፤ የጤና ጣቢያ ካርዳቸውን እያሳዩ እስኪወልዱ ይብሉ።

ለትዕግሥትዎ፣ ለዝምታዎና ለቀዩ እስክሪብቶዎ ያለኝን የማይለካ አክብሮት እየገለጽኩ፣ መልስዎን በበሬ ላይ ቆሜ የምጠብቅ፣ ትሑት ጎረቤትዎና የፈራች አያት፣
ሬዲዮ

ማስታወሻ፦ በመስታወቴ ላይ ለምታነቡት ሁሉ፣ ደስታዬን ብቻዬን አልችለውምና ደግሻለሁ። አራቱ ነፍሰ ጡሮች ከፊት ይቀመጣሉ፤ ጠግበው፣ ውሃ ጠጥተው፣ ሰኞ ጠዋት የቻሉትን ያህል ከብደው ሚዛኑ ላይ ይወጣሉ። የሚሰረዝ ስም ካለ አራቱም አብረው ይሰረዙ፣ እኛም በፋብሪካው በር ላይ ቆመን የተሰረዙትን እንቆጥራለን። ክቡር ኃላፊ፣ እርስዎም ይምጡ፤ እኛ ዘንድ ሰው የሚበላው ሳይመዘን ነው። በመጪው እሁድ፣ ከቀኑ ስድስት ሰዓት፣ ፀጉር ቤቴ፤ ማንም እንዳይቀር።