ከፈረምኩ በኋላ ስለተለወጠው የሥራ መደቤ

ለተከበሩ የሕንፃው ዋና ሥራ አስኪያጅ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎና ለቤተሰብዎ፣ በተለይም ለባለቤትዎ ወንድም፣ የተሟላ ጤንነትን እመኛለሁ። እኔ ዋና የሊፍት ቴክኒሺያን አድርገው በደብዳቤ የቀጠሩኝ፣ ፈርሜ ከተቀበልኩ በኋላ ሐሳብዎን የለወጡብኝ ሰው ነኝ። እንደኔ ያለው ብዙ ስለሚሆን እንዳይምታታብዎ ብዬ ነው። ምስጋናዬን በተራ አቀርባለሁ።

፩ኛ. ማኅተም ያረፈበት የቅጥር ደብዳቤ ስለሰጡኝ አመሰግናለሁ። እሱን አምኜ የሆስፒታል ሊፍት ስጠግን ከኖርኩበት የአሥራ አንድ ዓመት ሥራ ለቀቅኩ፤ ባልደረቦቼ መርቀው ሸኙኝ፤ ልጄም «አባዬ አለቃ ሆነ» ብላ ለሰፈሩ አወጀች።

፪ኛ. ከሁለት ሳምንት በኋላ የመፍቻ ሳጥኔን ይዤ ሥራ ልጀምር ስመጣ፣ ሌላ ደብዳቤ ስለጠበቀኝ አመሰግናለሁ። በዚህኛው መሠረት ሥራዬ ሊፍቱ ውስጥ በርጩማ ላይ ተቀምጦ ለእንግዶች ቁጥር መጫን ሲሆን፣ የዋና ቴክኒሺያኑ ቦታ እስካለፈው ወር መጋረጃ ይሸጡ ለነበሩት፣ ተከራዮች «ሁሉ አወቅ» ለሚሏቸው የባለቤትዎ ወንድም ተላልፏል። የፈረምኩት ሌላ ነው ብል፣ እርስዎ «ያንን ተቀብለህ የለም እንዴ? ይኸንንም ተቀበል» አሉኝ። አባቶቻችን «የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ» ይሉ ነበር፤ እርስዎ ግን አማች ከሚቀየም የተናገሩት ይጥፋ ብለው ተረቱን አሻሽለውታል።

፫ኛ. በርጩማውን ትቼ ወጣሁ። የሆስፒታሉ ቦታዬ ሰው ተቀጥሮበት ስለቆየኝ፣ ከሁለት ያጣ ሆኜ ሁለት ወር ቤት ተቀመጥኩ። ባለቤቴ አንድም ክፉ ቃል አልወጣትም፤ ልጄ ግን ስለ አባቷ ሲጠይቋት ወሬ መቀየር ጀመረች። ለዚህ እንኳ የምስጋና ቃል አላገኘሁም። አልዋሽም፣ ጠልቼዎታለሁ።

፬ኛ. ባለፈው ሐሙስ ሁሉ አወቅ የጠገኑት ሊፍት እርስዎን ይዞ በአራተኛውና በአምስተኛው ፎቅ መካከል ቀጥ ባለ ጊዜ፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ልብስ የምትሰፋው ጎረቤቴ ደወለችልኝና ከተፍ አልኩ። ድምፄን ሲሰሙ በበሩ ክፍተት ያሉኝ አሁንም ጆሮዬ ላይ ያቃጭላል፦ «ወንድሜ፣ ቦታው ያንተ ነው! ፈርመህ ነበር፤ ለአማቼ ብዬ የቀየርኩብህ እኔ ነኝ! ብቻ ክፈትልኝ!» ከፈትኩልዎ። እግርዎ ወለሉን እንደረገጠ ግን «ሰሞኑን ቢሮ ብቅ በል፣ እናያለን» አሉኝ። ቃል ለመለወጥ የሚፈጅብዎ ጊዜ ከሁለት ሳምንት ወደ ሁለት ደቂቃ በመውረዱ እንኳን ደስ ያለዎ እላለሁ።

ከፍ ባለ አክብሮትና ከዚያም ከፍ ባለ ቂም፣
ቁጥር አልጫንም ያልኩት ቴክኒሺያን

ድኅረ ጽሑፍ፦ ሐሙስ ዕለት ደረጃው ላይ ቆመው ጩኸትዎን ከሰሙት አሥራ አራት ተከራዮች ዘጠኙ ምስክር ለመሆን ፈርመዋል። ክሴን የተቀበለው የሥራ ክርክር ችሎት ሰኞ ጠዋት በሦስት ሰዓት ይጠብቅዎታል። እንዳይዘገዩ፣ የዚያን ዕለት እባክዎ በደረጃ ይውረዱ።