በፍልሰታ ባሕር ገባሁ

ሰኞ፣ ኦገስት 3፣ ጠዋት

ግራውን ከመሳቢያ አውጥቼ ጡት መያዣዬ ውስጥ ከተትኩት። ስፖንጅ ነው፤ ቀላል። ትናንት ቤ/ክ ውስጥ ቆሜ ወደ ብብቴ ሸሸብኝ። ቅዳሴው እስኪያልቅ ነጠላዬን ደረቴ ላይ ጨምድጄ ይዤ ቆምኩ። ሰው በጸሎት የተመሰጥኩ መስሎት ይሆናል።

የራሴን ጡት ሐኪሞቹ አምና ቆርጠው ወሰዱት። ካንሰር። ቃሉን አንቺ ላይ ስጽፈው እንኳ እጄ ቆም ይላል፣ ደብተሬ። ለሰው የተነገረው «ጀርባዋን ነው» ተብሎ ነው። ያሉት የባሌ የግርማ ታላቅ እኅት፣ እትዬ አስካለ ናቸው። ምክንያታቸው ልጄ ሊዲያ ናት። «በዘር ይሄዳል ብለው ልጅቷን የሚያገባት ይጠፋል» አሉ። ግርማ ዝም አለ። እሱ ዝም ካለ ተስማምቷል ማለት ነው። እኔም ያኔ መከራከሪያ አቅም አልነበረኝም።

አሁን አለኝ። ለንደን የምሠራበት ት/ቤት ለክረምት ተዘግቷል፤ ተማሪዎቹ የሉም፤ ሥራ የለኝም። ቲኬት ቡክ አደረግሁ። አቴንስ፣ ጽጌ ጋ። አዲስ አበባ አብረን የተማርን፣ እዚያ የከረመች ጓደኛዬ። በየክረምቱ «ነይ» ትለኛለች።

ግርማን አላስፈቀድኩትም። ነገርኩት። ልዩነቱ የገባው ይመስለኛል፤ የቴሌቪዥኑን ድምፅ ጨመረ።

ረቡዕ፣ 5

እትዬ አስካለ ከክሮይደን ድረስ መጡ። በዚያ በሚያማቸው ጉልበት፣ ባቡር ቀያይረው፣ የሰፈራችንን የአርችዌይን ዳገት ወጥተው። ያቀረብኩላቸውን ሻይ አልነኩም።

ዓርብ ፍልሰታ ይገባል። በእመቤታችን ጾም ባሕር ዳር? ከተራቆተ ሕዝብ መሐል? አሉኝ። እዚያም እጾማለሁ፣ ግሪኮቹም ይጾሙታል አልኳቸው። እነሱ ዓሣ ይበላሉ አሉ። ከየት እንደሰሙ አላውቅም። ከዚያ ድምፃቸውን ቀነሱ።

«ደግሞስ ውሃው ገላሽን ቢያሳይ?»

«እትዬ፣ ገላዬ እኮ ወንጀል አልሠራም።»

ከተጋባን ጀምሮ መልስ ስሰጣቸው የመጀመሪያዬ ነው። ነጠላቸውን አጣፍተው ተነሡ። ግርማ እስከ አውቶቡስ ፌርማታ ሸኛቸው። ሲመለስ ሻንጣዬን ከፊቱ ዘጋሁ።

ሊዲያ ከሥራ ስትገባ የዋና ልብስ ገዝታልኝ መጣች። ጥቁር። «ማም፣ ጀስት ጎ» አለችኝ። «ሄድኩ» አልኳት።

ቅዳሜ፣ 8፣ አቴንስ

ሙቀት አይደለም፤ ምድጃ ነው። የጽጌ ቤት አራተኛ ፎቅ፣ ሊፍቱ ተበላሽቷል። ሞተር ብስክሌቶቹ መኝታ ቤት ውስጥ የሚነዱ ይመስላሉ። ጎረቤቱ ሁሉ መጋረጃውን ዘግቶ ጠፍቷል። የጽጌ አሠሪዎችም ደሴት ሄደዋል፤ ውሻቸውን ብቻ ትተውላታል። ይህ ከተማ በኦገስት ለሰው አልተሠራም፣ ነገ እንወጣለን አለች።

እሷም የምታውቀው ጀርባዬን ብቻ ነበር። ሽሮ እየበላን ነገርኳት። አላለቀሰችም። ልየው አለችኝ። ሸሚዜን ከፈትኩ። ድሮ ልብስ ሰፊ ነበረች፤ ጠባሳውን ከዳር እስከ ዳር በጣቷ ተከተለችው።

«በደንብ ሰፍተውልሻል» አለች።

ሳቅን። ሳቅ ነው ብለሽ ጻፊው፤ መጨረሻው ላይ ሌላ ነገር ሆነ።

እሑድ፣ 9፣ ግሊፋዳ

ከቅዳሴ በኋላ ትራም። ከተማው ወደ ኋላ ይቀራል፣ ይቀራል፣ ከዚያ በቀኝ በኩል ድንገት ባሕር። ነፋሱ በመስኮት ሲገባ ቆዳዬ የራሴ መሆኑ ትዝ አለኝ።

ግሊፋዳ የሀብታም ሰፈር ነው። ዘንባባ፣ የቡቲክ መስታወት፣ ከነጨርቅ ኮፍያው የሚሸራሸር ትንሽዬ ውሻ። ባሕሩ ግን ከዳር በኩል በነፃ ነው። አሮጊቶቹን ብታዪያቸው! ኮፍያና መነጽር አድርገው እስከ አንገታቸው ውሃው ውስጥ ቆመው ያወራሉ። አይዋኙም። ገበያ የተገናኙ ይመስል ወሬ ብቻ። አንዷ ከውሃው ስትወጣ ሆዷ፣ ጭኗ፣ የቀዶ ጥገና ምልክቷ፣ ሁሉም አብሯት ወጣ። ማንም ዞር ብሎ አላያትም።

እኔ? ቀሚሴን እንደለበስኩ ፎጣ ላይ። የዋና ልብሱ ከሥር አለ። ጽጌ ሁለቴ ጠራችኝ። ራሴን አሞኛል አልኳት። ውሸት። ለንደን የለመድኩትን ውሸት ይዤው መጣሁ። በራሴ እንዲህ ተናድጄ አላውቅም።

ማክሰኞ፣ 11

ብቻዬን ሄድኩ። ጽጌ ውሻውን ሐኪም ጋ ትወስዳለች።

ቀሚሴን አወለቅሁ። እግዜር ይመስገን፣ ሰማዩ አልተደፋም። እስከ ጉልበት፣ እስከ ወገብ። ለብ ያለ ውሃ፣ ከሥሩ ቀዝቃዛ። ከዚያ ትንሽ ማዕበል መጥቶ ጣለኝ። ጨው ጠጥቼ ስነሣ ደረቴ ላይ የሆነ ነገር ጎድሏል። አየሁት። ስፖንጁ እየተንሳፈፈ ወደ አሮጊቶቹ ይሄዳል! እኔ ከኋላው። ውሃ ውስጥ መሮጥ አይቻልም፤ ዛሬ አወቅሁ።

ኮፍያዋ ቢጫ የሆነች አሮጊት አነሣችው። አገላብጣ አየችው። ከዚያ እኔን። ሞትኩ አልኩ። እሷ እንደ ፎጣ ጨምቃ፣ ውሃውን አንጠፍጥፋ፣ የወደቀ ጓንት እንደምትመልስ ሰው ሰጠችኝ። «ኤላ» አለች። ነይ ማለት ነው። ለጓደኞቿ ፈቀቅ እንዲሉ በእጇ አሳየቻቸው። በክቡ ውስጥ ቦታ ተሰጠኝ። የሚያወሩት አንድም ቃል አይገባኝም። ስለ ቲማቲም ይመስለኛል። ስፖንጁን በጡጫዬ ይዤ ጭንቅላቴን ስነቀንቅ አረፈድኩ።

ስወጣ መልሼ አላደረግሁትም። በአንድ ጡት ትራም ተሳፈርኩ። ትራሙም ሄደ።

ረቡዕ፣ 12

ጽጌ ፎቶ አነሣችኝ። ውሃው ወገቤ ላይ፣ ግራዬ ሜዳ፣ ጥርሴ ሁሉ ታይቷል። ለቤተሰቡ ግሩፕ ላክሁት። ከሥሩ ጻፍኩ፦ ጀርባዬን አሞኝ አያውቅም። ካንሰር ነበር፣ ጡቴን ቆርጠውታል፣ ድኛለሁ። ጾሜንም አልፈታሁም።

እትዬ አስካለ ከግሩፑ ወጡ። ግርማ ደወለ። ለልጅሽ አታስቢም ወይ፣ ሰው ምን ይላል፣ ቢያንስ አትነግሪኝም ነበር? የመጨረሻው እውነት አለው። ለሱ ብቻ ይቅርታ ጠየቅሁ፣ ለሌላው አልጠየቅሁም። ቀጥላ ሊዲያ።

«ማም፣ በዚህ የሚፈራ ሰው እኔን እንዳያገባኝ። በዘር ይሄድ እንደሆነ የሚያየውን ቴስትም ራሴ አፕላይ አድርጌያለሁ።»

ዓመት ሙሉ ለሷ ብለን ስንደብቅ አንድ ቀን እንኳ አልጠየቅናትም።

ዓርብ፣ 14፣ ግሊፋዳ፣ ከሰዓት

ነገ የግሪኮቹ የእመቤታችን በዓል ነው። ከተማው ጭር፣ ባሕሩ ሞልቷል። ፎጣዬ ላይ ሆኜ ነው የምጽፍልሽ።

እትዬ አስካለ ደወሉ። ባሕሩን፣ ጾሙን፣ ጭኔን፣ የወንድማቸውን ክብር አነሡ። እኔም በየተራው መለስኩ፤ አንዱንም አላሳለፍኩም። ከዚያ በር ሲዘጉ ሰማሁ። በሹክሹክታ ጠየቁኝ።

«ያንቺ ሲጀምር ያምሽ ነበር?»

«አያምም ነበር።»

«እብጠቱ እንደ ሽምብራ ነው?»

«እትዬ፣ ለምንድን ነው የሚጠይቁኝ?»

«አንዲት ሴት ጠይቂልኝ ብላኝ ነው።»

«ሴትየዋ ካገኘችው ቆየች?»

«ከፋሲካ በፊት ነው።»

ከፋሲካ እስከ ፍልሰታ! ያን ሁሉ ጊዜ፣ እኔን ዝም በይ እያሉ፣ እሳቸውም ይህን ታቅፈው። ልቆጣ ፈለግሁ፤ ተቆጣሁም።

«ለሴትየዋ ይንገሯት። ሰኞ ጠዋት የሰፈሯ ሐኪም፣ ጂፒው፣ ሲከፍት በሯ ላይ ነኝ። ወዳም ጠልታም ትሄዳለች።»

«ሰው ያያታል።»

«ይያት!» ጮኼ ነው ያልኩት። አሮጊቶቹ ከውሃው ውስጥ ዞር አሉ።

ወንበር ስበው ሲቀመጡ ሰማሁ።

«እንግሊዝኛ አትችልም» አሉ በመጨረሻ።

«እኔ እችላለሁ።»

«ማለዳ ነይ እንግዲህ» ብለው ዘጉት።

ቲኬቴን ወደ እሑድ አስቀየርኩ። ግርማ ኤርፖርት ልቀበልሽ አለ። ና፣ ግን የምንሄደው ቤት አይደለም፣ እኅትህ ጋ ክሮይደን ነው አልኩት። ለምን አለ። እሳቸው ይንገሩህ አልኩ። ዝም አለ። ይህ ዝምታ ግን የድሮው አይደለም፤ የፈራ ሰው ነው። ይፍራ። አብረን እንፈራለን፣ ተደብቀን ግን አይደለም።

ስለዚህ፦ እሑድ እበራለሁ። ሰኞ እትዬን ይዤ ሐኪም ቤት። ከዚያ ወዲያ ቤ/ክ ውስጥ የሚጠይቀኝ ሁሉ እውነቱን ይሰማል፤ የማይጠይቀኝም።

ጽጌ ከውሃው ውስጥ እጇን እያወዛወዘች ነው። ፀሐይዋ ገና ከፍ እንዳለች ነው። በቃ፣ እስከ አንገቴ ልግባ።